38 ኪሎ ሜትር፦ ከኪርኬነስ ቫድሶ

የአክስቴ ልጅ ቫድሶ ትኖራለች። ካርታ ላይ ኖርዌይን ይዛችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ መሬቱ ሲያልቅ ወደ ቀኝ ታጠፉ፤ ራሺያ ከመግባታችሁ በፊት ቁሙ። እዚያ ናት። ስደተኛ ሆና ስትመጣ የተመደበችው እዚያ ነው። አብረዋት የተመደቡት ሐበሾች ትንሽ ቆይተው ወደ ኦስሎ ሲፈረጥጡ እሷ ቀረች። አሁን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ ልጅ ወልዳለች፣ ቅዝቃዜው ምን ምን እንደሚል ስትጠየቅም ትስቃለች።

ስድስት ዓመት ሙሉ «እመጣለሁ» እያልኩ ሸንግያታለሁ። ዘንድሮ ግን ቁርጥ አድርጋ «ካልመጣህ ኦስሎ ዘመድ የለኝም ብዬ እተወዋለሁ» አለችኝ። ምን ምርጫ አለኝ? ትኬት ፍለጋ ገባሁ። ከኦስሎ ኪርኬነስ፣ ከኪርኬነስ ቫድሶ። የመጀመሪያው ከ1,360 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሁለተኛውን ሳየው ስልኬ የተሳሳተ መሰለኝ። 38 ኪሎ ሜትር ይላል።

ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ እንኳ ከዚህ ይርቃል። ቢሾፍቱ በአውሮፕላን የሄደ ሰው ታውቃላችሁ? (የአየር ኃይል ሰዎችን አልቆጥርም።)

ጊዜውን ላጣራ ብዬ ደግሞ ባሰብኝ። አንዱ ማስያ 3 ደቂቃ አለኝ። አውሮፕላኑን ገና ከመነሻው በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር እያስጋለበው መሆን አለበት። ሌላው ለመነሻና ለማረፊያ ብሎ ግማሽ ሰዓት ደርቦበት 33 ደቂቃ አለ። የበረራ ሰሌዳው 15 ደቂቃ ይላል። በመኪና ግን 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል። መሀላቸው ቫራንገር የሚባል የባሕር ሰርጥ ገብቷል፤ ኖርዌዮች ፊዮርድ የሚሉት። ጣናን አስቡት። ከባሕር ዳር ጎንደር ሐይቁን በግራ ትተን እንደምንዞረው ነው። የመንገዱም ርዝመት ያው ነው ማለት ይቻላል።

ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ለምን እንደሆነ ቅዳሜ ላይ ትደርሱበታላችሁ። የታሪክ ዓመቶቹ ግን በፈረንጅ ናቸው።

ሐሙስ፣ የካቲት 20 ቀን 2017፤ ኪርኬነስ

ሻንጣዬ 21 ኪሎ መዘነ። የኔ ልብስ ከዚያ ውስጥ አምስት ኪሎ ቢሆን ነው። ቀሪው 30 እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስርና ቡና ነው። እንጀራውን ግሮንላንድ ከሚባለው የኦስሎ ሰፈር፣ ከሐበሻ ሱቅ አሥሩን በ160 ክሮነር ገዛሁት። ሁዳዴ ሰኞ ገብቷል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ እንጀራ ከበላች ሁለት ወር አልፏታል።

ኪርኬነስ ስንደርስ 14 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነበር። ስሙ ሲጻፍ ኪርኬነስ ነው፤ ሲጠራ ግን «ሺርከኔስ» ነው የሚሉት። አሥር ዓመት ኖርዌይኛ ተናግሬም አንዳንዴ ይህ ነገር ያመልጠኛል። አየር ማረፊያው ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መጀመሪያ የሠሩት ጀርመኖች ናቸው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ። መንደርደሪያው ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ትልልቆቹም ያርፉበታል። ቫድሶ ግን የሚገቡት ትንንሾቹ ብቻ ናቸው።

ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። ቡና 42 ክሮነር። ከዚያ የእኛዋ ተጠራች። ዳሽ 8 ናት፣ 39 መቀመጫ፣ ሁለት ፕሮፔለር። ላሊበላ ስሄድ የተሳፈርኩበት የእኛው አየር መንገድ ኪው 400 የዚህች ታላቅ ወንድም ነው። ቁመቱ እጥፍ ይመስላል እንጂ መልካቸው አንድ ነው። በበረዶው ላይ በእግራችን ሄደን፣ በራሷ በር ላይ በታጠፈው ደረጃ ወጣን።

ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ገና ሳንነሳ ከቦርሳዋ ክርና መርፌ አወጣች። ግራጫ ካልሲ ናት የምትሠራው፤ ተረከዙ ላይ ደርሳለች። ቫድሶ የምትሄጂው ለሥራ ነው ብዬ ጠየቅኳት። የለም፣ ወደ ቤቷ መመለሷ ነው። የምሥራቅ ፊንማርክ (የሰሜኑ ጫፍ ክፍለ ሀገር ነው) ሆስፒታል ያለው ኪርኬነስ ነው። ትከሻዋን ራጅ ተነስታ መመለሷ ነበር። «ራጁ አሥር ደቂቃ ፈጀ» አለችኝ።

ተነሳን። ባሕሩ ታየ፣ ጥቁር ነው። ይኸው ደረስን ልል ስል አውሮፕላኗ ወደ ጎን ተገፋች። መገፋት ብቻ አይደለም፤ እንደ ወፍጮ ቤት ወንፊት ነው ያንቀረቀበችን። ከታች በጣም ቅርብ ሆኖ የበረዶ ሜዳና የመንደርደሪያ መብራት ታየኝ። መብራቱ ፊት ለፊት መሆን ሲገባው እኔ በጎን መስኮት ነው የማየው። ከዚያ ሞተሩ ጮኸ፣ ወደ ላይ ወጣን። «ማርያም!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። በ39 መቀመጫ ውስጥ የተሰማው ድምፅ የኔ ብቻ ነበር። የሴትየዋ መርፌ አንድ ጊዜ ቆመ፤ አየት አደረገችኝና ቀጠለች።

አብራሪው ተናገረ። ነፋሱ ከጎን ነው፣ ከሚፈቀደው በላይ ነው፣ ትንሽ ዞረን እንሞክራለን። ዞርን። ሞከርን። አሁንም አልሆነም። ከዚያ ተመለስን፤ ኪርኬነስ። ሰዓቴን ሳየው 47 ደቂቃ በርረናል። የተጓዝነው ዜሮ ኪሎ ሜትር።

የገረመኝ ሰዉ ነው። የተቆጣ የለም፣ የጮኸ የለም። ቦሌ ቢሆን ኖሮ ባንኮኒው አጠገብ ሽማግሌ ተቀምጦ ያስታርቀን ነበር። እዚህ «ያ ያ» ብለው ጃኬታቸውን ለበሱ። ሆቴል ተሰጠን፣ አውቶቡስ መጣ፣ አለቀ። ሻንጣችሁ ጠዋት በመጀመሪያው በረራ ይሄዳል ተባልን። ይህን ቃል ያዙልኝ።

ማታ ከተማውን ትንሽ ዞርኩ። ኪርኬነስ ከኢስታንቡል ይልቅ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ሰዓቱ ግን የኦስሎ ነው። ስለዚህ ፀሐይ በየካቲት መጨረሻ እንኳ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። የመንገዶቹ ስም በኖርዌይኛና በራሺያኛ ነው የተጻፈው። ድንበሩ ሩቅ አይደለም፤ የሩብ ሰዓት የመኪና መንገድ ነው። በፈረንጅ 2015 መኸር ላይ ወደ 5,500 የሚጠጉ ስደተኞች በዚያ በር ገብተዋል፣ አብዛኞቹ በብስክሌት። በእግር ማለፍ ክልክል ስለነበር በራሺያ በኩል ብስክሌት እየገዙ ነው የተሻገሩት። በሌላ በር የገባሁ ስደተኛ ነኝና ያንን ብስክሌት ሳስብ ትንሽ ቆሜ ቀረሁ።

ከተማው አዲስ አዲስ ይሸታል። ምክንያቱም አሮጌው ተደብድቦ አልቋል። በጦርነቱ ከ300 ጊዜ በላይ በአውሮፕላን ተደብድቧል። ሕዝቡ የተደበቀበት ዋሻ አሁንም መሀል ከተማ አለ። ሶቪየቶች ከተማውን ነጻ ያወጡት በጥቅምት 1944 ነው፣ በፈረንጅ።

የሆቴሉ እራት ዓሣና ሥጋ ነበር። ጾም ነው ብዬ አስረዳሁ። አስተናጋጁ ልጅ ገብቶት ነው ሳይገባው እንጃ፣ የተቀቀለ ድንች ክምር፣ ካሮትና ዳቦ አመጣልኝ። እንጀራዬ ከኔ 15 ኪሎ ሜትር ርቆ በረዶ ውስጥ ተኝቷል።

ዓርብ፣ የካቲት 21፤ በመንገድ

የጠዋቱ በረራ ሞልቷል፤ ቦታ ያለው ከሰዓት በኋላ ነው ተባልን። ነፋሱም ገና አልበረደም። ቁርስ ላይ አንድ ሽማግሌ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ትናንት አብረውን የተመለሱ ናቸው። ልጃቸው ኪርኬነስ ትኖራለች፣ መኪናዋን ተውሰዋል። «በመኪና ልሄድ ነው፤ ትመጣለህ?» አሉኝ። ባለ ካልሲዋም መጣች። እሷ ከኋላ ሆና ሹራቧን ቀጠለች።

መጀመሪያ የደረስነው ናይደን ነው። እዚያ ትንሽ የጸሎት ቤት አለች፣ እንድናያት ሽማግሌውን ለመንኳቸው። የስኮልት ሳሚዎች ናት። ሳሚዎች የሰሜኑ የጥንት ሕዝብ ናቸው፤ ስኮልቶቹ ደግሞ ኦርቶዶክስ ናቸው። በ16ኛው መቶ ዓመት ትሪፎን የሚባል የራሺያ መነኩሴ ነው ያጠመቃቸው። የጸሎት ቤቷ ከ1565 ጀምሮ አለች ይባላል። ስሟ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው።

እስኪ አስቡት። ከነገ ወዲያ የካቲት 23 ነው፣ ጊዮርጊስ፣ ዓድዋ። እኔ ደግሞ በ70 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ፣ በረዶ እስከ ጉልበቴ ውጦኝ ጊዮርጊስ ደጅ ቆሜያለሁ። ቤቷ ከግንድ የተሠራች ናት። ስፋቷ በየጎኑ ሦስት ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። የሀገሬ ጎተራ ትመስላለች፤ ከላይ መስቀል ባይኖርባት እህል ያለባት ይመስለኝ ነበር። ተቆልፋለች፣ ክረምት ነው። በሯ ላይ በረዶ እስከ ወገቧ ተከምሯል። ጓንቴን አውልቄ ግንዱን ነካሁና ተሳለምኩ። ሽማግሌው ሞተር ሳያጠፉ ጠበቁኝ። ስመለስ ምንም አልጠየቁኝም። ሙቀቱን ብቻ አንድ ከፍ አደረጉልኝ።

ከዚያ መንገዱ ሰርጡን ተከትሎ ይዞራል። አንዴ ቁልቁል፣ አንዴ ሽቅብ። የዓባይ በረሃን የሚያውቅ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል፤ ጎሃጽዮን ላይ ቆመህ ደጀንን ታያለህ፣ ግን ለመድረስ ስንት መውረድና መውጣት አለ። እኔም በቀኝ መስኮት ማዶውን አየዋለሁ። ሽማግሌው በአገጫቸው እየጠቆሙ «ያ ነጩ የቫድሶ አገር ነው» ይላሉ። መኪናዋ ግን ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙራ ከቫድሶ ትርቃለች።

ወደ ቡጎይነስ የሚወስደውን መገንጠያ ስናልፍ ወሬ ጀመሩ። በ1989 የዚያ መንደር ሰዎች ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጡ፦ ሥራ ጠፍቷልና መላውን መንደር የሚቀበለን ቦታ አለ? አሉ። ወሬው አገሩን አዳረሰ። በኋላ ግን አልሄዱም። ያዳናቸው ንጉሥ ሸርጣን ነው። የሶቪየት ሳይንቲስቶች በ1960ዎቹ ከፓሲፊክ አምጥተው ሙርማንስክ አካባቢ የለቀቁት ሸርጣን እየተራባ እዚህ ደረሰ። መጀመሪያ መረብ የሚቀድ መቅሰፍት ነው ብለውት ነበር። አሁን በኪሎ የሚሸጥ ወርቅ ሆኗል።

ቫራንገርቦትን ላይ መንገዱ ይታጠፋል። ነዳጅ ቀዳን፣ ቡና ጠጣን። ሽማግሌው ደረሰኙን አይተው ቀፎአቸውን አወጡና «የነዳጁን ሢሶ፣ 124 ክሮነር በቪፕስ ላክልኝ» አሉ። ቪፕስ የነሱ ቴሌብር ነው። ላክሁ። እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን በግድ ኪሳቸው ልከት፣ እሳቸው «በሞቴ!» ሊሉ፣ እኔ «አይሆንም!» ልል፣ ሩብ ሰዓት እንታገል ነበር። 124 ክሮነር ግልግል ናት።

ከዚያ ፊታችን ወደ ምሥራቅ ዞረ፤ ባሕሩ አሁንም በቀኛችን ነው፣ ግን እኛ ማዶ ነን። የነሴቡ ቤተ ክርስቲያን ባሕሩ ጫፍ ላይ ብቻዋን ነጭ ሆና ቆማለች። ከ1858 ጀምሮ ያለች ናት። ጀርመኖች በ1944 ሲሸሹ ፊንማርክን እያቃጠሉ ነው የሄዱት፤ እሷ ግን ተርፋለች። ሁለት አጋዘን መንገዱ ላይ ቆመው አልነቃነቅ አሉን። ሽማግሌው ክላክስ አላደረጉም። ጠበቅናቸው።

ቫድሶ መግቢያ ላይ ከኋላ «ጨረስኩ» የሚል ድምፅ መጣ። ሴትየዋ ካልሲውን ከፍ አድርጋ አሳየችን። እንግዲህ ከኪርኬነስ ቫድሶ በመኪና አንድ ካልሲ ተረከዙ ላይ ተጀምሮ እስከ ጣቱ ነው።

ሻንጣዬስ? የአክስቴ ልጅ ሰላምታችንን ሳንጨርስ ለአየር ማረፊያው ደወለች። ሻንጣው ቃል እንደተገባው ጠዋት ተጭኗል። አውሮፕላኑም ቫድሶ አርፏል። ሻንጣው ግን አልወረደም፣ አብሮ ሄዷል። አሁን ሐመርፈስት የሚባል ከተማ ነው ያለው።

እዚህ ላይ የአውሮፕላኑን ነገር ላስረዳ። 38 ኪሎ ሜትሩ ለብቻው በረራ አይደለም። አውሮፕላኑ እንደ ሚኒባስ ነው። ከኪርኬነስ ተነስቶ ቫድሶ፣ ቫርዶ፣ ቦትስፊዮርድ፣ ቤርለቮግ እያለ በባሕሩ ዳር ያወርዳል፣ ይጭናል። እነዚህ ትንንሽ ማረፊያዎች አብዛኞቹ በ1970ዎቹ የተሠሩ ናቸው፤ የቫድሶው በ1974 ተከፈተ። የብዙዎቹ መንደርደሪያ 800 ሜትር ገደማ ነው። የቦሌው ከ3 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ መሆኑን አስታውሱ። ትኬቱ ብቻውን ወጪውን አይችልም፤ መንግሥት ይደጉማል። ሰዉ «ወራጅ አለ!» ባይልም በየፌርማታው ይወርዳል። ሻንጣዬ ግን አፍ የለውም።

ያን ማታ ሽሮ ሠራች፣ ቤቷ ትንሽ ቀርቷት ነበር። እንጀራ ስለሌለ ሎምፐ በሚሉት ስስ የድንች ቂጣ በላነው። ቅቤም ወተትም የለውም፣ ለጾም የተፈጠረ ነው። አትሳቁ፣ ከሽሮ ጋር በጣም ይሄዳል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22፤ ቫድሶ

የአክስቴ ልጅ ወደ ሥራ ስትወጣ «ሻንጣህ አሥር ሰዓት ላይ ይገባል፣ ሂድና ውሰድ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ቀኑ ሙሉ የኔ ነው።

ቫድሶ ስድስት ሺህ ሰው አትሞላም፤ ግን የፊንማርክ ዋና ከተማ ናት። ከመሀል ከተማው በድልድይ ወደ ትንሿ ደሴት ተሻገርኩ። እዚያ በረዶ ውስጥ አንድ የብረት ማማ ቆሟል። የስልክ አንቴና መስሎኝ ላልፈው ነበር። የአየር መርከብ ማሰሪያ ነው። በግንቦት 1926 በፈረንጅ፣ ሮአልድ አሙንድሰንና ጣሊያናዊው ኡምቤርቶ ኖቢሌ ወደ ሰሜን ዋልታ የሄዱባት «ኖርጌ» የምትባል መርከብ እዚህ ታስራ ነበር። ከሮም የተነሳች ናት። ከዚህ ወደ ስቫልባርድ፣ ከዚያ ግንቦት 12 ዋልታው ላይ፣ ከዚያ አላስካ። ኖቢሌ በ1928 «ኢታሊያ» በምትባል ሌላ መርከብ ተመልሶ መጣ፤ እዚሁ ማማ ላይ ታሰረች። እሷ ግን ከዋልታው ስትመለስ ወደቀች። አሙንድሰን እነሱን ፍለጋ በአውሮፕላን ወጣ፣ አልተመለሰም።

ማማው ሥር ብቻዬን ቆሜ ሽቅብ አየሁ። ነፋሱ በብረቱ መሀል ሲያልፍ ያፏጫል። ከሮም ተነስቶ ዋልታ የሚሄድ ሰው ያረፈበት ቦታ ላይ፣ እኔ ከኪርኬነስ መምጣት አቅቶኝ ሁለት ቀን ፈጀሁ።

አሥር ሰዓት ሲሆን አየር ማረፊያ ደረስኩ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ታክሲው 190 ክሮነር ወሰደ። ሕንጻው ጨለማ ነው። በሩን ገፋሁ፣ ተቆልፏል። ቢሾፍቱ መናኸሪያ እንኳ እንዲህ አይዘጋም። ደወልኩላት።

«አሥር ሰዓት ነው ያልኩህ፣ ጠዋት!»
«ጠዋት አሥር ሰዓት የሚባል ነገር አለ እንዴ?»
«በነሱ ነዋ!»

ገባችሁ? እሷ ስልክ ላይ የሰማችውን የኖርዌይኛ አሥር ሰዓት ቀጥታ አማርኛ አድርጋ ነገረችኝ፤ የእኛ አራት ሰዓት ማለት ነው። እኔ በአማርኛ ስሰማ በአማርኛ ቆጠርኩ። አሥር ዓመት አብረን ኖርዌይ ኖረን ዛሬም በስድስት ሰዓት እንተላለፋለን። ሻንጣዬ ገብቷል፣ ግን ውስጥ ተቆልፎበታል። የሚቀጥለው በረራ ነገ ነው። ሌላ 190 ክሮነር።

ማታ ከሥር ያሉት ጎረቤቷ ጠሩን። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። እዚህ አገር አንቱታ የሚባል ነገር ስለሌለ ሁሉም በስማቸው ብቻ ነው የሚጠራቸው፤ የአክስቴ ልጅ ትንሽ ልጅ ሳይቀር። እኔ አልቻልኩም። ስማቸውን ላለመጥራት ዓረፍተ ነገሩን እያዞርኩ ስናገር አመሸሁ። ለክብራችን የሸርጣን እግር ቀቅለው ጠበቁን፤ አንዱ እግር የኔን ክንድ ያክላል። ኦስሎ ምግብ ቤት ውስጥ የዚህን ዋጋ አይቼ ዝርዝሩን የመለስኩበት ጊዜ አለ።

«ጾም ላይ ነን» አለች የአክስቴ ልጅ።
«እስከ መቼ?»
«እስከ ሚያዝያ 12።»

ባልቴቷ ሸርጣኑን አዩት፣ እኛን አዩን። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር እንስሳ ለኛ በፍስክም እንደማይበላ ለመንገር አንደበቴ አልታዘዘኝም። ድንችና ቀይ ሥር በላን። ስንወጣ ለሚያዝያ እንዲሆነን ብለው ሸርጣኑን በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡን። አሁንም የአክስቴ ልጅ ፍሪጅ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

እሑድ፣ የካቲት 23፤ ቫርዶና ቫድሶ

ሻንጣዬን አገኘሁት። እጀታው ላይ የሐመርፈስት ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ከኔ በላይ ሰሜን ኖርዌይን ያየ ሻንጣ። እንጀራው በረዶ ሆኗል፤ እርስ በርሱ ሲጋጭ እንደ ሰሌዳ ይንኳኳል። መኪናው ውስጥ ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጠነው ቫርዶ ሄድን፤ 75 ኪሎ ሜትር ነው። ቫድሶና ቫርዶ፦ ስማቸውን የምትደባልቁ ከሆነ እኔም ሦስት ቀን ደባልቄያለሁ።

ቫርዶ ደሴት ናት። የሚገባባት ከባሕሩ ሥር በተቆፈረ መንገድ ነው፤ ወደ 2.9 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በ1982 ሲከፈት በኖርዌይ ከባሕር ሥር የሚያልፍ የመጀመሪያው መንገድ ነበር። እዚያ ያየሁት ነገር ግን መንገዱን አስረሳኝ። በ17ኛው መቶ ዓመት በፊንማርክ ጠንቋይ ናችሁ ተብለው የተገደሉ 91 ሰዎች መታሰቢያ አላቸው፣ በ2011 የተመረቀ። ረጅም ጨለማ ኮሪደር ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንዲት ትንሽ መስኮትና አንድ አምፖል አለችው፤ አጠገቧ የተከሰሰበት ነገር ተጽፏል። ጀልባ አሰጠመች፣ ማዕበል አስነሳች የሚል ነው። የአክስቴ ልጅ አንዱን አንብባ ሳትጨርስ «ቡዳ ናት እንደሚሉት ነው እኮ» አለች። መንደራችን ውስጥ ልጅ በታመመ ቁጥር ሰው የሚሸሻቸው ሴትዮ ነበሩ። ሁለታችንም ያሰብነው እሳቸውን ነው፤ ስማቸውን ግን አላነሳንም።

ስንመለስ እንጀራው ለስልሷል። ምስርና ሽሮ፣ ከዚያ ቡና። ዓድዋ ነውና ስልኳ ላይ የምኒልክ አደባባይን በዓል ከፈተች። ትንሹ ልጅ ፈረሶቹን እያየ በኖርዌይኛ ስንት ናቸው እያለ ይቆጥራል። እሱን የወለደችው ኪርኬነስ ሆስፒታል ነው። ቀኗ ሲቀርብ ቀደም ብላ ተሻግራ እዚያው ጠበቀች። «ለምን ቸኮልሽ? አሥራ አምስት ደቂቃ አይደል?» አልኳት።

«ምጥ ነፋሱ እስኪቆም አይጠብቅማ» አለች።

ሰኞ፣ የካቲት 24፤ መመለስ

ሰማዩ ጥርት ብሏል። ነፋስ የለም። 16 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው። የአክስቴ ልጅ አየር ማረፊያ አደረሰችኝ። ፍተሻው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ የምታውቀው ሰው ነው የፈተሸኝ። ተሳፋሪው አሥራ አንድ ነን።

ሰዓቴን ይዤ ተቀመጥኩ። 4 ሰዓት ከ34 ላይ መንኮራኩሩ መሬት ለቀቀ። አውሮፕላኗ ወዲያው ወደ ደቡብ ታጠፈች። ባሕሩ ዛሬ ሰማያዊ ነው። አንድ ጀልባ ከኋላዋ ነጭ መስመር ትታ ትሄዳለች፤ መስመሩን ጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። በስተቀኝ ዓርብ ዕለት የዞርንበት መንገድ ተዘርግቷል፤ ነሴቡ ከሩቅ፣ ከዚያ በስተጀርባ ሰርጡ የሚያልቅበት። ያ ሁሉ መንገድ ከዚህ በእጄ መዳፍ ይሸፈናል። አስተናጋጇ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ለመነሳት ጊዜም የለም፤ ሽቅብ መውጣታችን እንዳለቀ ቁልቁል ጀመርን። የቀበቶው መብራት አልጠፋም። የበረዶ ጫካ፣ የወታደር ካምፕ ጣሪያ፣ ከዚያ ጓ! አረፍን።

4 ሰዓት ከ47። 13 ደቂቃ። ካልሲ ቢሆን ሁለት ረድፍ።

በበረዶው ላይ እየሄድኩ ደወልኩላት። ስደርስ ደውል ብላኛለች።

«ምነው?» አለች ደንግጣ። «ተመለሳችሁ እንዴ?»
«ደርሻለሁ።»
«የት?»
«ኪርኬነስ ነኛ!»

ዝም አለች። ከጀርባዋ ኩርፍ ኩርፍ የሚል ድምፅ ይሰማኛል።

«አንተ፣ እኔ እኮ እዚሁ ነኝ» አለች። «ገና የመኪናውን መስታወት በረዶ እየፋቅኩ።»